የካሴቱ ባለቤት

«ይኼን ሁሉ ያደራጀው ልጄ ወንድወሰን ነው» ሲል ሰማሁት አጎቴን። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክኬ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ገመድ እየፈታሁ ነበር። እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጣ ዲጄ ነው። ላፕቶፕ ኮምፒውተራችን ላይ አንድ የድሮ ዘፈን ሊፈልግ ሦስት ፊደል ሲጽፍ ዘፈኑ ከነዘፋኙ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ብቅ አለለትና «እንዲህ የተስተካከለ ነገር ሸገርም አላየሁ» ብሎ ተገርሞ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ነዋ! ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሦስተኛ ዓመት» አለ አጎቴ እሱባለው፤ ቅቤ የጠጣ ድምፅ ነው ያወጣው። ወንድወሰን ያቺን ኮምፒውተር የሚነካት የመኪና እሽቅድምድም ሊጫወት ነው። አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ዘፈን በየስሙ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ክረምትና አንድ በጋ ፈጅቶብኛል። ብቅ ብዬ «ጋሼ፣ ዋሽተሃል» ልለው እችል ነበር። ግን አጎት ነው፤ አሥረኛ ክፍል ከወደቅኩ ወዲህ የሚያበላኝም የሚያሳድረኝም እሱ ነው። ደግሞ ኩራት የሚባል በሽታ አለብኝ፤ የገዛ ሥራዬን «የኔ ነው» እያልኩ ለማኝ መምሰል አልወድም። ገመዱን ፈትቼ ጠቀለልኩት።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሱቃችን ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያለች ሦስት በአራት ክፍል ናት። በሯ ላይ አሁንም «ሙዚቃ ቤት» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል፤ ካሴት መሸጥ ከተውን ግን ስድስት ዓመት አልፎናል። አሁን ሰው የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ዘፈን በሃምሳ ሳንቲም፣ ሁለት ጊጋውን ጥርቅም አድርገን በሃያ አምስት ብር እንጭንለታለን። እኔ ስመጣ ሀርድ ዲስኩ የሰከረ ሰው ሻንጣ ይመስል ነበር። «ትራክ 01» የሚባል ብቻ ስድስት መቶ አርባ ፋይል ቆጥሬያለሁ። አንዱ ዘፈን በአምስት ስም አምስት ቦታ ተጋድሞ ቦታ ይበላል። ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ሦስት ፕሮግራም አወረድኩ፦ አንዱ ድምፅን ከድምፅ አመሳስሎ ድጋሚውን ይለቅማል፣ አንዱ የፋይል ስም ይቀይራል፣ ዋናው ግን ዘፈኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ የዘፋኙን ስም፣ ርእሱንና ዓመቱን ይጽፋል። ሆድ ውስጥ የምለው በምክንያት ነው። የፋይሉ ስም የላይ ልብስ ነው፤ ይህኛው ግን ዘፈኑ ኮፒ ሲደረግ አብሮት ይሄዳል፣ በማንም ስልክ ላይ ሲጫወት ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የእኛን ፊደል ስልኮቹ ሳጥን ሳጥን ስለሚያደርጉት የምጽፈው በላቲን ነው። መመሪያው እንግሊዝኛ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ታቅፌ በአንድ ወር ጨረስኩት። ፕሮግራሙ «ስሙን ከኢንተርኔት ፈልጌ ልሙላልሽ» ይላል። ለፈረንጆቹ ይሠራል፤ አንድ የሊሙ የሰርግ ዘፈን ብሰጠው ግን የፖርቱጋል የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አፉን አዘግቼዋለሁ። የእኛን ዘፈን የሚያውቅ ሰው ነው። ሰውዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ዲጄው ሁለት ፍላሽ አስሞልቶ እንደወጣ አንዲት ሴትዮ ገቡ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ፣ ነጭ ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ያወረዱ እናት ናቸው። ወንበር ስንሰጣቸው አልተቀመጡም። የቻይና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ስሜን እዚህ ውስጥ የጻፈው ማን ነው?» አሉ። አጎቴ ቀና እንኳ ሳይል ጣቱን ወደ መጋረጃው ዘርግቶ «እሷ ናት» አለ። ምስጋና ሲመጣ ወንድወሰን፣ ክስ ሲመጣ ወይንሸት!

ወጥቼ ስልኩን አየሁት። ዘፈኑን ጅማ ውስጥ ከሐምሌ ጀምሮ ያልሰማው ጆሮ የለም፣ ባጃጁ ሁሉ እሱን ነው የሚያስጮኸው። የሴቶች ጭብጨባ አለ፣ ከጭብጨባው በላይ አንዲት ሴት ሙሽራ ትሸኛለች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ወፈር ብሎ ይነሳና መጨረሻ ላይ እንደ ክር ይቀጥናል። ስክሪኑ ላይ እኔ የጻፍኩት ስም ይሮጣል፦ ፈድሊያ አባ ጊዲ። ዘፈኑ የመጣው አጎቴ አጋሮ ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት በማዳበሪያ ከገዛቸው ዘጠና ካሴቶች ከአንዱ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩትም፣ «ትራክ 07» ከመባል ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

«እማማ፣ የእርስዎ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«የእኔ? ሙሽራዋ እኮ ነኝ! ሙሽራ በገዛ ሰርጓ ስትዘፍን የት አገር አይተሻል?»

«ካሴቱ ላይ ግን ስምዎ ተጽፏል። ፈድሊያ አባ ጊዲ፣ አጋሮ፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምራዊ እስክሪፕቶ።»

«ካሴቱ የእኔ ነዋ! ስምሽን ካልጻፍሽበት ከአንቺ የተዋሰ ሰው መቼ ሊመልስልሽ? ይኸው ጽፌበትም አልተመለሰም፤ እናንተ ጋ ተገኘ።»

አጎቴ ሳቁን ዋጠው። የእኔ ፊት ግን እስከ ጆሮዬ ጋለ። እኔ የማውቀው ካሴት ዘፋኙ ፎቶው ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚተክዝበትን፣ ስሙ በትልቁ የታተመበትን ነው። ሰው የገዛ ካሴቱ ላይ እንደ ድስትና እንደ ጃንጥላ ስሙን እንደሚጽፍበት አልመጣልኝም። ከማዳበሪያው ውስጥ ስንቱ እንደዚያ ነበር? ፕሮግራሙ ላይ ደግሞ አንድ የምወዳት ቁልፍ አለች፤ የአንድ ካሴት አሥራ አራቱን ዘፈን በአንዴ መርጠሽ ለሁሉም አንድ ስም መስጠት ይቻላል። እሷን ስጫን ደስ ይለኝ ነበር። የዕቃ ባለቤቶችን ዘፋኝ ሳደርግ ነው የከረምኩት ማለት ነው።

ሴትዮዋ አሁን ተቀመጡ፣ ድምፃቸውም ወረደ። የዘፈነችው ታላቅ እህታቸው ሩፈይዳ ናት፣ አጋሮ ናት ያለችው። ከነሐሴ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችላቸውም። ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ፣ እሳቸው ለሐጅ ወደ አዲስ አበባ ይነሣሉ። «ሐጅ የሚሄድ ሰው፣ ልጄ፣ ያስቀየመውን ሁሉ አውፍ በሉኝ ብሎ፣ ይቅር ተባብሎ ነው የሚወጣው። ሰባ ቤት ዞርኩ። በጉ ጓሮዬን የረገጠብኝን ጎረቤት ሳይቀር እኔው ሄጄ አውፍ አልኩት። የአንድ እናት ልጅ ቀረችኝ። ሁለት ሽማግሌ ብልክ ‹ከስሟ ጋር ትሂድ› ብላ መለሰቻቸው። ምን ይዤ ነው የአላህ ቤት የምቆመው?» ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። «ሰዉ ዘፋኝ አደረገኝ፤ እኔ አይደለሁም ብል ማን ሊሰማኝ?»

«ዘፈኑን አጥፊውና ይብቃ» አለ አጎቴ።

«ማጥፋት ማስተካከል አይደለም» አልኩት። ላፕቶፑን ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ።

«ወዴት ነው? ሱቁስ?»

«ወንድወሰን አለ አይደል? ያደራጀው እሱ ነው።»

እማማ ፈድሊያ አብረውኝ እስከ መናኸሪያ መጡ፤ ከዚያ ግን እግራቸው አልሄደም። «እኔን ካየች በሩን ትዘጋዋለች። አንቺ ሂጂ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አሉና ሃምሳ ብር አጥፈው እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። አልቀበልም ብዬ ተጓተትን፤ ረዳቱ «ኧረ ሁለታችሁም ተዉትና ለእኔ ስጡኝ!» ሲል ተቀበልኩ።

የአጋሮ መንገድ በጥቅምት ቡና ነው። በግራም በቀኝም ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ ያሰጣል፣ ሚኒባሱ ውስጥ የሚወራውም የቀይ እሸት ዋጋ ነው፤ አንዱ «ኪሎው አሥራ ሁለት ገባ» ሲል ሌላው «ማን ሰጥቶህ? ሕልም አይተህ ነው» ይለዋል። እኔ መስኮቱን ተደግፌ የምናገረውን አሰናዳሁ። ከማንም ጋር ስጣላ ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ጥፋተኛ ሆኖ መናገር ግን ሌላ ሙያ ነው፣ እሱን አልተማርኩትም። «የፕሮግራሙ ስህተት ነው» ብል ማን ያውቅብኛል? ከየቡ ከተማ እስከ አጋሮ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሳነሣና ስጥል ሄድኩ።

የእህትየዋ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት የሽቦ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ አንዲት ቀጭን ረጅም ሴት ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ቆመው የተበላሸውን ይለቅማሉ። እንግዳ ሲያዩ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ ብለው በርጩማ ሳቡልኝ፤ ውኃም አስመጡ። ጠጥቼ ሳልጨርስ ብናገረው ይሻላል ብዬ «አዴ ሩፈይዳ፣ ከጅማ ነው የመጣሁት። ዘፈኑ ላይ የእማማ ፈድሊያን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጣታቸው ቡናው ላይ ቆመ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ሙዚቃ ቤት የምሠራ ነኝ።»

«ማን ጻፊ አለሽ?»

«ማንም። ቦታው ባዶ ነበር፣ ሞላሁት።»

«ባዶ ከሆነ ባዶውን አይተውም? ባዶ ቤት ባየሽ ቁጥር ትገቢያለሽ?»

ጎረቤቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ላፕቶፑን አወጣሁ። ባትሪው የሚቆየው አርባ ደቂቃ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ የሚቸኩሉ አይመስሉም። ዘፈኑን ከፈትኩት። ጭብጨባው ሲጀምር ጎረቤቶቹ መልቀማቸውን ተዉ፤ የሃያ ሁለት ዓመቷ ሩፈይዳ ከላፕቶፑ ጎን ካሉት ቀዳዳዎች ወጥታ ግቢውን ሞላችው። የሃምሳ ስድስት ዓመቷ ግን ዓይናቸውን ከቡናው አላነሡም። አንዴ ብቻ፣ አንዲት ሴት ከኋላ እልል ስትል «ይቺ አክስታችን ናት፣ ሞታለች» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

በፕሮግራሙ የእህታቸውን ስም አጥፍቼ «ሩፈይዳ አባ ጊዲ» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑን አዞርኩላቸው። «የማነበው ቁርኣን ነው፤ ይኼን የልጆቹን ፊደል አላውቅም። አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «ድገሚው።» ደገምኩ። ከዚያ ያ ያልፈለግሁት ጥያቄ መጣ።

«የወጣውንስ? ጅማ ባጃጅ ላይ ያለውን፣ እዚህ ገበያ ውስጥ ያለውን፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ያለውን ትመልሺዋለሽ?»

የማውቃቸው ፕሮግራሞች ሁሉ በዓይነ ልቡናዬ ተሰለፉ። ድጋሚ ለቃሚው የሚለቅመው ከእኔ ሀርድ ዲስክ ነው። ስም አራሚው የሚያርመው እጄ ላይ ያለውን ነው። የወጣ ዘፈንን ከሰው ኪስ ጠርቶ የሚያስተካክል ነገር እስካሁን የሠራ የለም፤ ቢኖርም እኔ ዘንድ አይደለም። በመንገድ ያነሣኋት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ «ቀስ በቀስ ይስተካከላል» የምትል እህትም ነበረቻት።

«አልችልም» አልኩ። «አንድ ሺህ ሰው ይዞት ሊሆን ይችላል። እነሱ ጋ እንዳለ ይቀራል። ከዛሬ ወዲህ ከእኛ ሱቅ የሚወጣው ነው በስምዎ የሚወጣው። ስህተቱ የኮምፒውተሩ አይደለም፣ የእኔ ነው። ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት።»

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ያዩት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ጎረቤቶቹ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ ወደ ሁለተኛው አልጋ ራቅ አሉ።

«አንቺንስ በምን አውቅሽና እቀየምሻለሁ?» አሉ። «ፈድሊያ ድምፅ እንደሌላት አጋሮ በሙሉ ያውቃል፤ ልጅ ሆና መንዙማ ስትቀበል አባታችን ‹አንቺ አጨብጭቢ› ነበር የሚላት። በነሐሴ ጅማ የዘመድ ሰርግ ነበር። ልጆቹ ይኼን ዘፈን በስልክ ከፍተው ከበቧት፣ ‹አዴ ፈድሊያ፣ እርስዎ ነዎት?› አሏት። የእኔ ምራት እዚያው ተቀምጣለች። ፈድሊያ ምን ብትል ጥሩ ነው? ፈገግ ብላ ‹ኧረ ያኔ ልጆች ነበርን!› አለች።» ያቺን ፈገግታ ራሳቸው ፊታቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ እማማ ፈድሊያን ቁጭ። «እኔ ነኝ አላለችም። አይደለሁምም አላለችም። ስሙን አንቺ ጻፍሽው፤ ለብሳው የተቀመጠችው ግን እሷ ናት።»

ጠዋት ሱቅ ውስጥ «ማን ሊሰማኝ?» ሲሉ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው የሳቡት ትዝ አለኝ። እንዳዘንኩላቸው አዝኛለሁ፤ ሙሉውን እንዳልነገሩኝ ግን አሁን ገባኝ።

«ደውዪላት» አሉ። «ሁላችንም የምንሰማበትን አድርጊው።»

አንዴ ጠርቶ ተነሣ፤ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲጠብቁ የዋሉ ይመስለኛል። «ሄሎ? ልጄ? ምን አለችሽ?»

«እኔው ነኝ» አሉ አዴ ሩፈይዳ።

ከዚያ ወገን የጅማ ባጃጅ ጡሩምባ መጣና አለፈ።

«እቴ...»

«ያኔ ልጆች ነበርን፣ አይደል?»

የስልኬ ካርድ እየተቆረጠ እንደሆነ አሰብኩ፤ በማሰቤም አፈርኩ። ከዚያ የእማማ ፈድሊያ ድምፅ መጣ፤ ጠዋት ከሰማሁት ድምፅ ሌላ፣ ያነሰ። «አልዋሽሽም እቴ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው እኔን ያመሰገነኝ ስለ ወጤ ብቻ ነው። ልጆቹ ከበው እጄን ሲስሙኝ... አንድ ደቂቃ ብዬ ነው፣ ወላሂ። አንዷ ደቂቃ ሁለት ወር ሆነችብኝ። ከዚያ እንዴት ይመለሳል? ምን ብዬ ልመልሰው?»

«ሰርጉ የአንቺ» አሉ አዴ ሩፈይዳ፤ ድምፃቸው አልጮኸም፣ እንደውም ወረደ። «ባሉ የአንቺ። ወርቁ የአንቺ። ካሴቱም የአንቺ ይሁን። እኔ ታማሚ አባት ይዤ እዚህ ቀረሁ። ያን ቀን የነበረኝ ድምፄ ነው፣ እሱንም ለአንቺ አወጣሁት።»

«አውቃለሁ። ተሸፍኜ ስሰማሽ አልቅሻለሁ። አውፍ በይኝ፣ እቴ።»

«አውፍ በስልክ አይባልም» አሉና ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። እኔ አለቀ ብዬ ነበር፤ ነገሩን አበላሽቼ ልመለስ ነው ብዬ ላፕቶፑን ዘጋሁ። እሳቸው ግን ወደ ቤት ገብተው ከተጣጠፈበት ያወጡትን ጥቁር ሻሽ እያሰሩ ተመለሱ። ጎረቤቶቹን «ማታ ቡናውን ሸፍኑልኝ» አሏቸው። እኔን «ተነሺ እንጂ፣ መኪና ሳያልቅ» አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሞላ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከፊታችን የቡና ነጋዴ የሚመስል ሰውዬ የቡና ሚዛኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። የአጋሮን መውጫ እንዳለፍን ሹፌሩ ፍላሽ ሰካ፣ ጭብጨባው መጣ፣ ድምፁ መጣ። ቴፑ ላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ስሙ ከቀኝ ወደ ግራ መሮጥ ጀመረ። አዴ ሩፈይዳ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ምን እንደሚል አልጠየቁኝም።

«ሹፌር፣ ይቺን ሴትዮ ድገማት!» አለ ነጋዴው። ወደ እኛ ዞረ። «ፈድሊያ የምትባል የዚሁ የአጋሮ ልጅ ናት ይላሉ። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው የሰጣት? እስካሁን በሕይወት ትኖር ይሆን፣ እናቴ?»

አፌን ከፈትኩ። ማስረጃው ጭኔ ላይ ነው፣ ባትሪውም ትንሽ ቀርቶታል። የአዴ ሩፈይዳ እጅ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ቡና የሚያሽ እጅ ከባድ ነው።

«አለች» አሉት። «እህቴ ናት። ሐሙስ ሐጅ ትሄዳለች።»

«ማሻአላህ!» አለ መኪናው በሙሉ። ነጋዴው ሚዛኑን አስቀምጦ ጭራሽ ዞሮ ተቀመጠ። «እንዲህ ያለ ቤት ተወልደው እርስዎስ አይዘፍኑም?»

አዴ ሩፈይዳ በመስኮቱ ወደ ተሰጣው ቡና ዞሩ።

«ለእሷ አንድ ቀን ዘፍኜላታለሁ» አሉ።